የሰሜን አጥር ጨርቅ

ሃልደን ውስጥ ሰው ሚስቱን ይፈታል፣ ሃይማኖቱን ይለውጣል፣ ድምፁንም ደስ ላለው ፓርቲ ይሰጣል፤ ክለቡን ግን አይቀይርም። በከተማው ክለቡን ቀየረ ተብሎ የሚወራለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን አእምሮውን አሞት ነበር ይሉታል።

የፎልከር ሚስትም ከመለየታቸው በፊት ቅሬታዋ ይኸው ነበር። «እኔን የምታየኝ ጨዋታ በሌለ ቀን ነው» ትለው ነበር። ነገሩም ውሸት አልነበረም። ፎልከር የከተማውን ባቡሮች ፍሬን የሚጠግን፣ ትከሻው ሰፊ፣ ትዕግሥቱ አጭር ሰው ነው። «ሰሜን አጥር» የተባለውን የደጋፊዎች ማኅበር በጎረምሳነቱ ከጓደኛው ከኢንጎ ጋር መሥርቶ ጢሙ እስኪሸብት ድረስ መርቶታል። ትልቁም ትንሹም «አለቃ» ይሉታል፤ ግን አንቱ የሚለው የለም። ከሰሜኑ ጎል ጀርባ አንቱታ አይሠራም።

ማኅበሩ አንድ ንብረት ብቻ ነበረው፦ ጨርቁ። ሌላው ሰው ባነር ይለዋል፤ እነሱ ጨርቁ ነው የሚሉት። አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ ከጎሉ ጀርባ ያለውን አጥር ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል። አንድ ክረምት ሙሉ በትምህርት ቤት አዳራሽ ወለል ላይ ተንበርክከው ነው የቀቡት። የቤት ቀለም ቀቢው ኢንጎ ፊደሎቹን ጻፈ፤ የኢንጎ ሚስት ማርሊስ ጠርዙን በእጇ ሰፋች። ጨርቁ በየሳምንቱ ቤት እየቀየረ ያድራል፤ የት እንዳደረም በስልክ አይወራም።

ምክንያቱም ሕግ አለ። ማንም አልጻፈውም፤ የማያውቀው ደጋፊ ግን የለም። የአንድ ማኅበር ጨርቅ በተቃራኒ ደጋፊዎች እጅ ከወደቀ፣ ያ ማኅበር በዚያው ቀን ይሞታል። ስሙ ዳግመኛ አጥር ላይ አይሰቀልም። ይግባኝ የለውም።

ይህን ሕግ ሃልደን ያመጣው ራሱ ፎልከር ነው። በወጣትነቱ ከኢንጎ ጋር ሆኖ የጎረቤት ከተማውን የብሬንዳውን ደጋፊዎች ጨርቅ በግብግብ ነጥቆ፣ በሚቀጥለው ጨዋታ ቁልቁል ዘቅዝቆ ሰቀለው። የብሬንዳው ማኅበር ፈረሰ። መሪያቸው ሃሶ የሚባል ጢማም ሰው ነበር፤ ከስታዲየሙ ውጭ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ፎልከር በዓይኑ አየው። ከዚያ ወዲህ ቢራ ሞቅ ሲያደርገው የሃሶን ለቅሶ እያስመሰለ ሰው ያስቅ ነበር። እንደ ሃሶ አፍንጫውን ሁሉ ይጠርግ ነበር።

ዌንደልንም ወደ ጎሉ ጀርባ ያመጣው ፎልከር ነው። ዌንደል ከኦሃዮ በወታደርነት መጥቶ፣ አኔግሬትን አግብቶ፣ እዚያው የቀረ አሜሪካዊ ነው፤ ለዳቦ ቤት በሚኒባስ ዳቦ ያከፋፍላል። ከፎልከር ጋር አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። የመጀመሪያ ቀን የተቃራኒው ተጫዋች ግሩም ጎል ሲያገባ ዌንደል ተነሥቶ አጨበጨበ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለው ፎልከር እጁን ይዞ።

«ጎሉ አያምርም?»

«ያምራል። ለዚህ ነው የማይጨበጨብለት።»

ሌላም ብዙ ነገር ነበረበት። ጨዋታው እየሄደ ቋሊማ ሊገዛ ይወጣል። በእረፍት ሰዓት የሚጨፍሩ ሴቶች መቼ ነው የሚወጡት ብሎ ይጠይቃል። እነሱ አገር ማይክራፎን የያዘ ሰው «ጩኹ» ሲል ሰው እንደሚጮኽ ሲነግራቸው ኢንጎ ማመን አቃተው።

«ጩኹ ሲባሉ? ዝም በሉ ሲባሉስ?»

«ዝም ይላሉ።»

«ይሄማ ኳስ አይደለም፣ ትምህርት ቤት ነው» አለ ኢንጎ።

ዌንደል በበኩሉ ሰዎች ክለባቸው ወደ ታችኛው ሊግ እንዳይወርድ ለምን እንደሚያለቅሱ አልገባውም። እነሱ ዘንድ መጨረሻ የወጣ ቡድን የትም አይወርድም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት ከአዳዲሶቹ ተጫዋቾች ምርጡን መጀመሪያ የሚመርጠው እሱ ነው።

«መጨረሻ የወጣ ይሸለማል?» አለች ከጨዋታ በኋላ የሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት ባለቤት ሬናቴ ብርጭቆ እያደረቀች። «እንዲህ መሆኑን ባውቅ ባሌን ወደዚያ እልከው ነበር።»

ሁሉም ሳቀ፣ ዌንደልም ሳቀ። ከዚያ «የዚህ ክለብ ባለቤት ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለ ፎልከር።

«የምሬን ነው።»

«የምሬን ነው። እኔ ነኝ፣ ሬናቴ ናት፣ ከበሮ መቺው ኢንጎም ነው። አባል የሆነ ሁሉ ባለቤት ነው። ሀብታም መጥቶ ጠቅልሎ ሊገዛው አይችልም።»

ዌንደል መሳቁን ተወ። ልጅ ሳለ የከተማቸው ቡድን ባለቤት ሌላ ከተማ ትልቅ ስታዲየም እንሠራልሃለን ስላለው ቡድኑን ጭኖ እንደሄደ ነገራቸው። ተጫዋቾቹም፣ ዕቃውም፣ ሁሉም ሄደ። አባቱ ስታዲየሙ ውስጥ ሁለት ቋሚ ወንበር ነበረው፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የዌንደል።

«ክለብ እንዴት ነው የሚጫነው?» አለ ፎልከር። «ሶፋ ነው?»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። ዌንደል አልሳቀም። «አባቴ አልጮኸም፣ አልተሳደበም» አለ። «እሁድ እሁድ፣ ድሮ ወደ ጨዋታ በምንሄድበት ሰዓት፣ ሣር ማጨድ ጀመረ። ሣሩ ባያድግም ያጭደው ነበር።»

ፎልከር ከአንገቱ ሻርፑን ፈትቶ ለዌንደል አሰረለት። «ከዚህ የሚጭንብህ የለም» አለው። ያን ጊዜ ከልቡ ነበር የተናገረው።

ከዚያ ወዲህ ዌንደል ከማንም የባሰ ደጋፊ ሆነ። ዘፈኖቹን ተማረ፣ በዝናብ ቆመ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። አንድ አመል ብቻ አልለቀው አለ። በአገሩ ከጨዋታ በፊት የመኪና ማቆሚያው ላይ ከሰል አቀጣጥሎ ሥጋ መጥበስ ወግ ነው፤ እዚህም የሚኒባሱን የኋላ በር ከፍቶ ቋሊማ ይጠብሳል። ለሚያልፈው ሁሉ ይሰጣል፤ የተቃራኒ ቡድን ማልያ የለበሰም ቢሆን።

«ከጨዋታው በፊት ሰው ነን» ይላል። «በጨዋታው እንሰዳደባለን። ከጨዋታው በኋላ ተመልሰን ሰው ነን።»

«ይሄ ሰውዬ ጅብ ቢመጣም ወንበር ይስብለታል» ይል ነበር ኢንጎ። ሰው ግን ቋሊማውን ስለሚወድ ችሎት ኖረ።

ብሬንዳው ላይ የሚደረገው ጨዋታ ሲቃረብ አንድ ጭንቀት መጣ። የብሬንዳው ፖሊስ የደጋፊ አውቶቡስ እያስቆመ ይፈትሻል፤ ጨርቅም ይወስዳል። ሬናቴ ቤት ተሰብስበው ሲመክሩ ዘዴውን ያመጣው ኢንጎ ነበር።

«በዳቦ መኪና እንላከው» አለ። «ዳቦ ማን ይፈትሻል?»

ፎልከር ወደ ዌንደል ዞረ። «ትችላለህ?»

«እኔ?» አለ ዌንደል። ፊቱ ቀላ። «እኔ ልይዘው?»

«አንተ። ዓይንህን ከላዩ እንዳትነቅል።»

«አውራ ጎዳናው ላይ ካለው ማረፊያ ጋ ቁምና ጠብቀን» አለ ኢንጎ። «አውቶቡሱ እዚያ ያቆማል፤ ከዚያ አብረን እንገባለን።»

ስለ ሕጉ ለዌንደል ያስረዳው የለም። ጨርቁ ውድ እንደሆነ ያውቃል፤ ስንት ሰው በውስጡ እንዳለ ግን አያውቅም። ፎልከርም አልነገረው። እሳት ያቃጥላል ብሎ ለጎልማሳ ሰው የሚያስተምር ማን አለ?

ቅዳሜ ዕለት አውቶቡሱ ማረፊያው ጋ አልቆመም። ኢንጎ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ «ረፍዷል፣ ዝም ብለህ ንዳ፤ ዌንደል ይደርስብናል» አለ። ዌንደልም ስታዲየሙ በር ላይ የደረሰው ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ ሚኒባሱ ባዶ ሆኖ ነው።

ያን አመሻሽ ሬናቴ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። ዌንደል መሐል ላይ ቆሞ ተናገረ። ማረፊያው ላይ ሲጠብቅ ሰዓቱ ሄደበት፤ ከሰሉን አቀጣጠለ። የብሬንዳው ልጆች በሁለት መኪና መጡ። ሰላም አሉት፣ ሰላም አላቸው። ቋሊማ ሰጣቸው።

«ጨዋ ልጆች ነበሩ» አለ። «አንዱ ሰናፍጭ አለህ ወይ አለኝ። ሰናፍጩን ላመጣ ወደ ፊት ወንበር ዞርኩ። ስመለስ ሄደዋል። ከረጢቱም የለም።»

«ሠላሳ ዓመት የኖረ ማኅበር በሰናፍጭ ሞተ» አለ ከኋላ አንዱ። የሳቀ የለም።

ኢንጎ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ገጨው። «ነግሬህ ነበር አለቃ። አሜሪካዊ ነው። ኳስ ማለት ለእሱ ፈንድሻ የሚበላበት ቲያትር ነው። ዛሬ እዚህ ያጨበጭባል፣ ነገ ሌላ ጋ ያጨበጭባል። ጨርቃችንን ለጠላት ጠብሶ አቀረበው።»

«አዲስ እናሠራለን» አለ ዌንደል። «ጨርቁን እኔ እገዛለሁ። ቀለሙንም። ፎልከር፣ ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ፤ ግን ጨርቅ ነው እኮ።»

ጨርቅ ነው እኮ። ፎልከር አንድ ክረምት የተንበረከከበት ወለል፣ የሄደችው ሚስቱ፣ በዝናብ የቆመባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ በዚህ ሰው አፍ ጨርቅ ነው እኮ ሆኑ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄ ነው አለ በልቡ። ወደ ዌንደል ሄዶ በገዛ እጁ ያሰረለትን ሻርፕ በገዛ እጁ ፈታው። ዌንደል አልተከላከለም። አንገቱን እንኳ ትንሽ ዝቅ አደረገለት።

«ፎልከር፣ ታውቀኛለህ» አለው ቀስ ብሎ።

«የማውቅህ መስሎኝ ነበር» አለ ፎልከር። «ውጣ።»

ዌንደል ወጣ። ኢንጎ ሻርፑን ከፎልከር እጅ ተቀብሎ ቁልቁል ዘቅዝቆ ግድግዳው ላይ በምስማር መታው። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ፣ የዌንደልን ቋሊማ ሲበላ ከከረመው ሁሉ ውስጥ፣ አንድ ሰው እንኳ ተው አላለም። ሬናቴ ብቻ «ግድግዳዬ ነው እሱ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

በማግሥቱ ማኅበሩን አፈረሱት። እጅ አውጡ ሲባል መጀመሪያ ያወጣው ፎልከር ነበር፤ ሕጉን ያመጣ ሰው ከሕጉ ሊሸሽ አይችልም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀር። ሰኞ ሥራ ገብቶ ባቡር ሥር ተንጋሎ ሳለ እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። የሃሶ ጢማም ፊት ትዝ አለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አላሳቀውም። በሽንፈቱ ከማዘኑ ይልቅ በጎረቤቱ መከዳቱ አንገበገበው። ጠላት ቢያደርገው ኖሮ ጠላት ነው ይል ነበር። ዌንደል አጥር ተሻግሮ ዛፉን ከርክሞለታል፤ እናቱ የሞተች ጊዜም ሬሳ ሳጥኗን አብሮት ተሸክሟል።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባው። ብሬንዳዎች በቀጣዩ ጨዋታቸው ጨርቁን አልሰቀሉትም። ዘቅዝቀውም፣ አቃጥለውም አላሳዩም። እንደዚያ ያለ ምርኮ ይዞ ዝም የሚል ደጋፊ ፎልከር በዕድሜው አላየም።

የሃልደን ቀጣይ ጨዋታ በሜዳቸው ነበር። ፎልከር ሄደ፤ ሌላ የሚሄድበት ቦታ አያውቅም። ከጎሉ ጀርባ ሲደርስ አጥሩ ባዶ አልነበረም። አዲስ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ አረንጓዴና ጥቁር፣ ትልቅ፣ ከዳር እስከ ዳር። «የሃልደን ልጆች» ይላል። ኢንጎ ከፊቱ ማይክራፎን ይዞ ቆሟል።

«ሰው ያለ ስም መቆም አይችልም፣ አለቃ» አለው ኢንጎ አቅፎት። «አዲስ ማኅበር አቋቁመናል። አንተ ደግሞ አርፈህ እይ። ለፍተሃል።»

«መቼ ሠራችሁት?»

«በዚህ ሳምንት ነዋ። እንቅልፍ አልተኛንም።»

ፎልከር ሊያመሰግነው ነበር። ግን ዓይኑ ጨርቁ ላይ ወደቀ። ቀለሙ በየእጥፋቱ ተሰነጣጥቋል። ቀጥ ያለ ስንጥቅ፣ በእኩል ርቀት፣ ከላይ እስከ ታች። ጨርቅ ቀብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስተውም። ትኩስ ቀለም አይሰነጠቅም፤ የሚሰነጠቀው ደርቆ፣ ታጥፎ፣ ለወራት ከተቀመጠ በኋላ ሲዘረጋ ነው። ጠርዙ ደግሞ የማርሊስ የእጅ ስፌት ነበር፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የደቀቀ። የድሮውን ለመስፋት ማርሊስ ሙሉ ክረምት ፈጅቶባት ነበር።

ጥግ ላይ ቆማ አያት። ማርሊስም አየችውና ወዲያው ዓይኗን ወደ ሜዳው መለሰች።

ጨዋታው ሲያልቅ ማን እንዳሸነፈ ቢጠይቁት አያውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዌንደል ባቡር ጋራዡ ድረስ መጣ። ትከሻው ላይ የዱቄት ጆንያ ተሸክሟል። የፍሬኑ ሳጥን ላይ አስቀመጠውና አፉን ፈታው። ከውስጡ አረንጓዴና ጥቁር ታየ። ፎልከር እጁ ግሪስ እንደሆነ ረሳና ነካው።

«ከየት አመጣኸው?»

«ብሬንዳው ሄጄ። ዳቦ የማደርስላቸውን ሁሉ እየጠየቅኩ አንድ ሽማግሌ ጋ ደረስኩ። ሃሶ ይባላል።»

ፎልከር እጁን ከጨርቁ ላይ አነሣ።

«ልጆቹ ሊሰቅሉት ፈልገው ነበር፤ የከለከላቸው እሱ ነው» አለ ዌንደል። «እንዲህ አለኝ። ጨርቅ ይነጠቃል፣ ይሰረቃል፣ እሱ ወንድነት አለበት። ከራሳቸው ሰው ስልክ ተደውሎ፣ እዚህ ቦታ ቆሟል፣ ብቻውን ነው፣ ቋሊማ ይሰጣችኋል ተብሎ የመጣ ጨርቅ ግን ጥንብ ነው። ጥንብ አጥራችን ላይ አንሰቅልም አለ።»

ከኋላቸው አንድ ባቡር እየተንቋቋ ገባ። እስኪቆም ጠበቁ።

«ላንተ ደግሞ መልእክት አለው» አለ ዌንደል። «ለቅሶዬን ለሚያስመስለው ሰውዬ ንገረው አለ፤ የኔን ፊት ለፊት ታግሎ ነው የወሰደው፣ ስለዚህ አልጠላውም። የሱን ግን የወሰደበት አጠገቡ የሚቆም ነው።»

«ማን እንደደወለ ነገረህ?»

«አልነገረኝም። አልጠየቅኩትም።»

መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ማረፊያው ጋ ቁም ያለው፣ ንዳ ረፍዷል ያለው፣ ዳቦ መኪና ያለው አንድ ሰው ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ፎልከር የሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ዌንደል» አለ። «ያን ቀን… ሬናቴ ቤት…»

ዌንደል ጨርቁን ሳጥኑ ላይ አውጥቶ ባዶውን ጆንያ እያጠፈ ነበር። «የኛን ቡድን የወሰደው ሰውዬ በጣም ሀብታም ነበር» አለ። «አባቴን አያውቀውም። እኔንም አያውቀኝም። ለዚያ ይሆናል አልፎ አልፎ የምረሳው። አንተ ግን ስሜን ታውቅ ነበር።»

ጆንያውን ብብቱ ሥር ሸጎጦ ሄደ። ዳቦው እንዳይቀዘቅዝበት ነው መሰል ይፈጥን ነበር።

ፎልከር ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈው አያውቀውም። ጨርቁን አልጋው ሥር አስቀምጦ ላዩ ላይ ተኛ። ኢንጎን ሊደበድበው አሰበ፤ ከዚያ የኢንጎን የልጅነት ፊት ያያል፣ ሁለቱ የብሬንዳውን ጨርቅ ተሸክመው በስንዴ ማሳ ውስጥ ሲሮጡ፣ እየሳቁ፣ እየወደቁ። ያኔ ኢንጎ ሙትልኝ ቢለው ይሞትለት ነበር። የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ጨርቁን በከረጢት ይዞ ሬናቴ ቤት ገባ። ቤቱ ሞልቷል። ኢንጎ የፎልከር የድሮ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፎልከር ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ «ለምን?» አለው።

ኢንጎ ከረጢቱን አየ። ቢክድ ይሻለው ነበር፤ አልካደም።

«አንተ መቼም አትለቅም ነበር» አለ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላህ ከበሮ መታሁ። ምረጡ ብል አንተን ይመርጣሉ፤ ልልቀቅ ብትል ያለቅሳሉ። አንተን የሚያወርድ ሰው የለም። ሕጉ ብቻ ነው የሚያወርድህ። ሕጉን ያመጣኸው ደግሞ አንተ ነህ።»

«እሺ፣ እኔን ጠላኸኝ። ለምን እሱን አስገባኸው?»

ኢንጎ ጥያቄው የገረመው ይመስል ትከሻውን ነቀነቀ። «ለማያውቀው ሰው ሰናፍጭ የሚያመጣ ሌላ ማን አለን?»

ፎልከር ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ጨርቁን ዘረገፈው። ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመረ።

«ጨርቁ ነው! አለቃ፣ እንዴት አገኘኸው?»

«ኢንጎን ጠይቁት» አለ ፎልከር። «ለብሬንዳዎች ማን እንደደወለላቸውም ጠይቁት።»

ሰዉ ወደ ኢንጎ ዞረ። አንዱ «እውነት ነው?» አለው። ኢንጎ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። ሁለት ጎረምሶች «አለቃ፣ ማኅበሩን እንመልሰዋለን፣ በሕጉ አልተማረከም ማለት ነው» እያሉ እጁን ያዙት። ሊሸከሙት ሁሉ ቃጣቸው። እነዚህ ያን ቀን ዌንደል ሲባረር ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ያዩ ልጆች ናቸው። ፎልከር አያቸውና ተቆጣ፤ ከዚያ ሻርፑን ከዌንደል አንገት የፈታው የማን እጅ እንደሆነ ትዝ አለውና ቁጣው ወደ ራሱ ዞረ። ዌንደልን የሸጠው ኢንጎ ነው፤ ያስረከበው ግን እሱ ራሱ ነው።

እጁን አስለቅቆ ወደ ግድግዳው ሄደ። ምስማሩ ጠንክሮ ስለነበር ሬናቴ ከመጋረጃው ጀርባ መንቀያ አምጥታ ሰጠችው። ሻርፑን ነቅሎ ወጣ።

ስታዲየሙ ወደ ግራ ነው፤ እሱ ወደ ቀኝ ሄደ። በዕድሜው በጨዋታ ሰዓት ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ሲሄድ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሰዉ ጩኸት ከኋላው ይሰማዋል። ሰፈሩ ሲቃረብ ጩኸቱ ጠፋና ሌላ ድምፅ ተተካ፤ የሞተር ድምፅ።

ዌንደል ግቢው ውስጥ ሣር ያጭድ ነበር። ሣሩ አጭር ነበር። በዚያ ሳምንት አንዴ ታጭዶ እንደነበር ያስታውቃል።

ፎልከር በሩ ላይ ቆመ። መግባት አቃተው። ኦሃዮ ስላለው፣ እሁድ እሁድ ስለሚያጭደው ሰውዬ አሰበ። ያን ታሪክ ሲሰማ ሶፋ ነው ወይ ብሎ እንደቀለደም አስታወሰ።

ዌንደል አየውና ሞተሩን አጠፋ። ጥግ ላይ ከሰሉ ተቀጣጥሏል፤ መጥበሻው ላይ ቋሊማ አለ። አኔግሬት በመስኮት ብቅ አለችና መልሳ ዘጋችው።

«ኢንጎ ነው» አለ ፎልከር። «አመነልኝ።»

«እሺ» አለ ዌንደል።

«ማኅበሩን እንመልሰው እያሉ ነው። እኔ… አንተ ከሌለህ…» ሻርፑን ዘረጋለት። ምስማሩ የቀደደው ቦታ በጉልህ ይታያል። «ያንተ ነው። በድዬሃለሁ፣ ዌንደል። ሰው ሁሉ እያየ በደልኩህ።»

ዌንደል ሻርፑን አየው። እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ሊቀበለው ነው ብሎ ፎልከር ይበልጥ አቀረበለት። ዌንደል ግን አልፎት ወደ ከሰሉ ሄደ። ዳቦ ሰነጠቀ፣ ቋሊማ ጨመረበት፣ ሰናፍጭ ቀባበትና ይዞለት መጣ። በእግሩ ወንበር ገፋለት።

«ተቀመጥ» አለው። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም። «ብላ።»

«አልራበኝም። ለመብላት አልመጣሁም።»

«ብላ እንጂ» አለ ዌንደል። «እኔ ዘንድ የተቃራኒ ደጋፊም ይበላል።»

ፎልከር ሻርፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መብላት ጀመረ። ዌንደል ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ሣሩ ተመለሰ።